ኦውሮ ፕሬቶ ውስጥ እናቴን ያሰብኩባቸው ሦስት ቀናት

ኦውሮ ፕሬቶ የደረስኩት በዝናብ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። እኛ ጋ ኅዳር ሲባል አዝመራ ነው፤ ጥርት ያለ ሰማይና ጠዋት ጠዋት የሚቆነጥጥ ብርድ። ብራዚል ውስጥ ሚናስ ዠራይስ በሚባለው ክፍለ ሀገር ግን ኅዳር ክረምት ነው። አውቶቡሱ ከቤሎ ኦሪዞንቴ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ያህል ተራራ ለተራራ ሲዞር ቆየ። ስንወርድ ከተማው በጭጋግ ተሸፍኗል። የሚታየኝ የቤተ ክርስቲያን ጫፍ ብቻ ነው፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። አንኮበርን አስታወሰኝ።

ሥራዬ ቡና ቅምሻ ነው። ብራዚል የሄድኩትም ለሥራ ነበር። ከቦሌ ሳኦ ፓውሎ፣ ከዚያ ሌላ አውሮፕላን፣ ከዚያ አራት ቀን ስብሰባ። ስለዚያ የምለው የለኝም። ሥራው ሲያልቅ ሦስት ቀን ተረፈኝ። ባልደረቦቼ ባሕር ለማየት ሪዮ ሄዱ። እኔ ግን ይቺን የወርቅ ከተማ መረጥኩ።

ምክንያቱ አንድ ብራዚላዊ ቡና ቀማሽ ነው። በምሳ ሰዓት ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ ዓይኑ በራ። «ኦውሮ ፕሬቶ ውስጥ የኢትዮጵያዊት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን አለ» አለኝ። «ሳንታ ኤፊዤኒያ። ጥቁር ናት። እጇ ላይ የሚነድ ቤት ይዛለች። ንጉሥ ላግባሽ ብሏት እምቢ ያለች ናት።» እኔ ስሟን በአገሬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እምቢታዋ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም አለ።

ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ስለ እናቴ መናገር አለብኝ።

እናቴ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ ናት። አባቴ አስተማሪ ነበር። ሌላ ሴት ይወድ ነበር። የልጅቷ ቤተሰቦች ለወር ደመወዝተኛ አንሰጥም አሉት። በዓመቱ አያቴ ሽማግሌ ላከችና እናቴ ተዳረችለት። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ። አንድም ቀን እጁን አላነሳባትም። አንድም ቀን አልሰደባትም። ግን አንድም ቀን በስሟ ሲጠራት አልሰማሁም። «አንቺ» ነበር የሚላት፤ ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ «የልጆቹ እናት»። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የዚያች የሌላዋ ሴት ፎቶ ነበር። እናቴ ቤት ስታጸዳ መዝገበ ቃላቱን ታነሳለች፣ አቧራውን ትጠርጋለች፣ ቦታው ትመልሰዋለች። ካደግኩ በኋላ አንድ ቀን ጠየቅኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። «እኔንም የጠየቀኝ የለም፤ እሱንም የጠየቀው የለም። በማን ልዘን?»

ከጥሎሿ የተረፈው አንድ ቀጭን የወርቅ ሐብል ብቻ ነው። ሌላው በችግር ጊዜ ተሸጧል። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሐብሉን እኔ ነኝ የማደርገው። የወርቅ ከተማ ስሄድም አንገቴ ላይ ነበር።

ያደርኩባት የእንግዳ ማረፊያ ትንሽ ናት፤ አምስት ክፍል ብቻ። በአዳር 180 ሪያል ከቁርስ ጋር። ባለቤቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እኔ ፖርቱጋልኛ አልችልም። በስልኬ አስተርጓሚ ነው ያወራነው። ገና ሳልቀመጥ በትንሽ ሲኒ ስኳር የበዛበት ቡና ሰጡኝ። እንደ ሥራዬ ብናገር ቆሌው የጠፋ፣ ከልክ በላይ የተቆላ ቡና ነው። እንደ እንግዳ ብናገር ግን ከአራት ቀን ሆቴል በኋላ በእጅ ተቀድቶ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ቡና እሱ ነው። ሁለተኛ ጠየቅኩ።

የመጀመሪያው ሌሊት ክፉ ነበር። ከተማዋ የተማሪ ከተማ ናት። በ1876 የተመሠረተ ታዋቂ የማዕድን ትምህርት ቤት አላት፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው አሮጌ ቤቶች ውስጥ ይኖራሉ። አንዱ ቤት ከመኝታዬ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። ከበሮው፣ ጭፈራው፣ ሳቁ እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት አላቆመም። ብርዱም ሌላ ነው። ከፍታው ከ1,100 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ ግማሽ ያህል። እንደማይበርደኝ ነበር የገመትኩት። እርጥበቱ ግን አጥንት ውስጥ ይገባል። ተናድጄ መብራት ሳበራ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቷ ናቸው፤ ወፍራም ብርድ ልብስና ለጆሮዬ ጥጥ ይዘው። «ሚኛ ፊሊያ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። እሱን ያለ ስልክ ገባኝ።

ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ ከተማዋ ወጣች። ነጭ ግድግዳ፣ ቀይ ሸክላ ጣራ፣ ቀለም የተቀባ መስኮት፣ ሁሉም ገደል ላይ ተንጠልጥሎ። መንገዱ ድንጋይ ነው። ዳገቱ እንጦጦ የለመደ ሰው ጉልበት እንኳን ይፈትናል። ወርቅ እዚህ የተገኘው በ1690ዎቹ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ወርቁ ላዩ ጥቁር ነበር። ኦውሮ ፕሬቶ ማለትም ጥቁር ወርቅ ማለት ነው። በ1711 ግን ፖርቱጋሎች ከተማ ብለው ሲሰይሟት ቪላ ሪካ ነበር ያሏት፤ ሀብታሟ ከተማ። የአሁኑን ስሟን ያገኘችው በ1823 ነው።

ዋናው አደባባይ ላይ አንድ አስጎብኚ ያዘኝ። እንግሊዝኛ ይችላል። ለግማሽ ቀን 150 ሪያል ተስማማን፤ ቅድሚያ ከፈልኩት። ሁለት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቁሞ ከውጭ አሳየኝና ስልክ ተደወለለት። «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። አርባ ደቂቃ ዝናብ ውስጥ ጠበቅኩት። ገንዘቡ ብቻ አይደለም የቆጨኝ። እኔ ቃል የሚባል ነገር ሲፈርስ አልችልበትም። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ። የቀረውን ብቻዬን ዞርኩ፤ አሁን ሳስበው እንዲያውም ተሻለኝ።

ብቻዬን ስዞር ነው መስኮቶቹን ያየኋቸው። በየመስኮቱ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ክንዷን ደፉ ላይ ደግፋ፣ ጉንጯን በእጇ ይዛ መንገዱን ታያለች። ጠጋ ስል ሐውልት ናት። ከወገብ በላይ ብቻ የተሠራች፣ ቀለም የተቀባች። ናሞራዴይራ ይሏታል፤ ማሽኮርመም የምትወድ እንደማለት። በየሱቁ ትሸጣለች። ቱሪስቱ ሁሉ ከጎኗ ፎቶ ይነሳል። እኔን ግን ሆዴን አባባው። ምክንያቱም በወርቁ ዘመን የደህና ቤት ልጅ ዓለምን የምታየው ከዚያ መስኮት ነበር። ያውም በእንጨት ፍርግርግ ተሸፍኖ። የምትወጣው ለቅዳሴ ነው፤ እሱንም ከአጃቢ ጋር። የሚያገባትን የሚመርጠው አባቷ ነው። ከእሷ ጋር ጥሎሹ ይሄዳል፤ ወርቅ፣ ጨርቅ፣ መሬት፣ ሰውም ጭምር። ባሮች በጥሎሽ ዝርዝር ውስጥ ከብር ማንኪያ ጎን ይጻፉ ነበር። እኛ ጋ ጥሎሽ ወንዱ ነው የሚያመጣው፤ እነሱ ጋ የሴቷ ቤተሰብ ነው የሚሰጠው። አቅጣጫው ይለያያል እንጂ መሐል ላይ የምትቆመው ያቺው ልጅ ናት።

በቤተ ክርስቲያን ሕግ ልጅቷ መጠየቅ ነበረባት። በ1563 የትሬንት ጉባኤ ጋብቻ ቄስና ምስክሮች ባሉበት፣ በሁለቱ ፈቃድ ይፈጸም ብሎ ወስኗል። ግን ቄሱ «ትፈቅጃለሽ ወይ?» ሲላት አባቷ ከኋላዋ ቆሟል። እናቴም ተጠይቃለች እኮ። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሙሽራው በር ላይ ቆሞ። ያኔ ማን እምቢ ይላል?

ማምለጫው ገዳም ነበር። እሱም ተዘጋ። በ1732 የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዦአዎ አምስተኛ፣ ብራዚል ያሉ ሴቶች ያለ እሱ ፈቃድ ለምንኩስና ወደ ፖርቱጋል እንዳይሻገሩ አዘዘ። በማዕድኑ አገር ነጭ ሴት ጥቂት ነበረች። እንድትወልድ ነበር የሚፈልጓት። ንጉሡ ከወርቁ ከአምስት አንዱን ይወስድ ነበር። የሴት ልጅን ማኅፀን ደግሞ በአዋጅ ቆጠረው።

ምሳ በአንዲት ጠባብ ቤት በላሁ። ባቄላ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ከጎኑ በቀጭኑ የተከተፈ ጎመን። እኔ ሥጋውን ትቼ ጎመኑን አስደገምኩ። በነጭ ሽንኩርት ብቻ ጠብሰውታል። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ጠግቤ አላውቅም። 38 ሪያል።

ከሰዓት ሙዚየም ገባሁ። አደባባዩ ላይ ያለው ትልቁ ሕንጻ ነው። ድሮ ማዘጋጃ ቤትም እስር ቤትም ነበር። ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ የሄድኩበት ነገር ሁሉ ባላሰብኩት በኩል የመጣው እዚያ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቶማስ አንቶኒዮ ጎንዛጋ በ1744 ፖርቱጋል ውስጥ የተወለደ ዳኛ ነው። በ1782 ቪላ ሪካ ተሹሞ መጣ። እዚያ ማሪያ ዶሮቴያ የምትባል ልጅ ወደደ። በ1767 ነው የተወለደችው። እናቷ ሞታባት በዘመዶቿ እጅ ነበር የምታድገው። በመካከላቸው 23 ዓመት አለ። ቤተሰቧ አልወደደውም፤ በዕድሜው ገፍቷል፣ ሀብትም የለውም። እሱ ግን ግጥም ይጽፍላት ነበር። ማሪሊያ ብሎ ስም አወጣላት። በመጨረሻ ቤተሰቡ እሺ አለ። ጎንዛጋ የመንግሥት ሹም ስለነበር ለማግባት የፖርቱጋሏ ንግሥት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ያንን ሲጠብቅ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ወርቁ እያለቀ ነበር። ዘውዱ ግን በዓመት 100 አሮባ፣ ወደ 1,500 ኪሎ ገደማ ካልገባልኝ ይል ነበር። የጎደለውን ነዋሪው ሁሉ ከኪሱ እንዲሞላ ለማድረግ ዛቻ መጣ። የከተማዋ ትልልቅ ሰዎች አመፅ አሴሩ። አንዱ ዕዳው እንዲነሳለት ብሎ አጋለጣቸው። ጎንዛጋ በግንቦት 1789፣ ሠርጉ ሲቃረብ ተያዘ። ከአመፀኞቹ አንዱ፣ ቲራደንቴስ የተባለው፣ ሚያዝያ 1792 ሪዮ ላይ ተሰቀለ። ራሱን ቆርጠው ቪላ ሪካ አደባባይ ላይ ሰቀሉት። ዛሬ አደባባዩ በስሙ ይጠራል። ጎንዛጋ ወደ ሞዛምቢክ ደሴት ተጋዘ።

ማሪያ ዶሮቴያ አላገባችም። እስከ 1853 እዚሁ ከተማ ኖረች። ስድሳ ዓመት በላይ። አሁን አፅሟ ሙዚየሙ ውስጥ ነው። የእሱም አፅም ብዙ ዘመን ቆይቶ በ1930ዎቹ ከአፍሪካ መጥቶ እዚያው ከአመፀኞቹ ጋር አርፏል። ሰው በፀጥታ ይገባል። አንዲት ወጣት አለቀሰች። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን በስልኬ ሳስተረጉም አንድ መስመር ያዘኝ። ጎንዛጋ በ1793 ሞዛምቢክ ውስጥ አገባ። ዡሊያና ዴ ሶዛ ማስካሬኛስ። በባሪያ ንግድ የከበረ ሰው ልጅ ናት። ልጆች ወለዱ። ቅጣቱ አሥር ዓመት ነበር፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። በ1810 እዚያው ሞተ።

ቆም አልኩ። በአንድ ዓመት ውስጥ አገባ። የሚያውቀው ሰው በሌለበት ደሴት ላይ የደረሰ፣ የተማረ እስረኛ። ሀብታም አባት ከነ ልጁ። እንዴት እንደተጋቡ ለመገመት ሽማግሌ የተላከበት ቤት ማደግ ይበቃል። ሁሉም የሚተርኩት በዚያ ጋብቻ እሱ ምን እንዳገኘ ነው፤ ገንዘብ፣ ሹመት፣ ዕረፍት። እሷ ምን እንዳገኘች የሚል ሰው አልገጠመኝም። እሷ ያገኘችው ለሌላ ሴት «ማሪሊያ» እያለ ግጥም የጻፈ ሰው ነው። ግጥሞቹ በ1792 ሊዝበን ታትመው ነበር። ባሏ ልቡ የት እንዳለ ታትሞ የሚሸጥባት ሴት!

እናቴን አየኋት። መዝገበ ቃላቱን አንስታ አቧራውን ስትጠርግ።

ጥበቃ ላይ የነበረችዋን ሴት «ዡሊያናስ?» አልኳት። «ሚስቱ?» አለችኝና ትከሻዋን ነቀነቀች። «አፍሪካ።»

የዡሊያና እንጀራ በሰው ሽያጭ የተገኘ መሆኑን አልረሳሁም። ያንን ማለስለስ አልፈልግም። ግን አባቷ ሰውን በዋጋ የሚያይ ሰው ከነበረ ልጁንስ በምን ዓይን ያያት ነበር? ይህንን እያሰብኩ በዝናብ ወደ ማረፊያዬ ሄድኩ።

ማታ ለባለቤቷ ነገርኳቸው። ስለ ዡሊያናም፣ ስለ እናቴም። ስልኩን ወደ እሳቸው፣ ወደ እኔ እያልን። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ስለ አያታቸው አወሩልኝ። ለአጎቷ ልጅ ነው የዳሯት፤ መሬቱ እንዳይከፋፈል። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። «ፍቅር ነበራቸው?» አልኳቸው። አስተርጓሚው የመለሰልኝ «ለመደችው» የሚል ነው። እኛ ጋም ሽማግሌዎቹ እንደዚሁ ነው የሚሉት። «ይለመዳል።» አገሩ ሌላ፣ ውቅያኖሱ ሌላ፣ ቃሉ አንድ። ተያየን። እጄን ያዙኝ።

በማግስቱ ዝናቡ አባራ። በመጀመሪያ አሌይዣዲኞ የሠራውን የቅዱስ ፍራንቸስኮን ቤተ ክርስቲያን አየሁ። አሌይዣዲኞ የፖርቱጋላዊ አናጺና የባሪያ ሴት ልጅ ነው፤ እጆቹ በበሽታ እየተቆራመዱ ነው ድንጋይ የቀረጸው። ጣራውን የሳለው ማኑኤል ዳ ኮስታ አታይዴ ነው። እመቤታችንን ጠይም አድርጎ ሳላት። መልኳ የራሱ ወዳጅ መልክ ነው ይባላል፤ ልጆች የወለደችለት፣ ግን በቤተ ክርስቲያን ያላገባት ጠይም ሴት። አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ላይ አየሁ። በዚህች ከተማ ፍቅርና ጋብቻ አንድ ቤት ውስጥ መግባት ይከብዳቸው ነበር። ፍቅሩ ጣራ ላይ ተሳለ፤ ጋብቻው መዝገብ ላይ ተጻፈ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የሳሙና ድንጋይ የሚባለውን ለስላሳ ድንጋይ እየቀረጹ የሚሸጡበት ገበያ አለ። ትንሽ ድስት በ90 ሪያል ገዛሁ። አምስት እርምጃ ሄጄ ያንኑ በ50 አየሁት። ተመልሼ ነገርኩት። ሻጩ ሳቀና አንድ ትንሽ ወፍ ጨመረልኝ። ተቀበልኩት፤ ግን ልቤ አልተመለሰም።

ከዚያ ወደ ሳንታ ኤፊዤኒያ። ዳገቱን ሦስቴ አርፌ ነው የወጣሁት። ቤተ ክርስቲያኗ ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ ናት፤ የጥቁሮች ማኅበር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራት። ነጮቹ ወደ ራሳቸው ማኅበር አያስገቧቸውም ነበር። ስለዚህ የራሳቸውን መሠረቱ፤ የራሳቸውን ቅዱሳንም መረጡ። ከመረጧቸው መሐል ኤፊዤኒያ አለች፣ ኤለዝባዎን አለ። ኤለዝባዎን የእኛው አጼ ካሌብ ነው። ሪዮ ውስጥ በሁለቱ ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከአንጎላ ታስረው የመጡ ሰዎች፣ ምናልባት ኢትዮጵያን በስም ብቻ የሚያውቁ፣ የአክሱምን ንጉሥ አባታችን ብለው ያዙ። ይህን ሳስብ ጉሮሮዬ ተዘጋ።

በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። ልማድ ነው፤ አላሰብኩበትም። ውስጥ አንዲት አሮጊት ጥቁር ሴት ወለል ያጸዳሉ። አዩኝ። እግሬን ጠቆሙና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ ነው ማለታቸው ነው። በምልክት ደረቴን ነካሁ፤ «እኛ ጋ እንዲህ ነው» ለማለት። ሄደው ትንሽ ምንጣፍ አምጥተው ከእግሬ ሥር አነጠፉልኝ። ቃል አልተለዋወጥንም።

ቅድስቲቱ የመነኩሴ ልብስ ለብሳለች። ፊቷ ጥቁር ነው። እጇ ላይ እሳት የያዘው ቤት አለ። ታሪኩ እንዲህ ይላል። ሐዋርያው ማቴዎስ አስተምሮ ያጠመቃት የንጉሥ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ሂርታከስ የሚባለው ዙፋኑን ያዘና ላግባት አለ። እሷ ራሷን ለክርስቶስ ሰጥታለች። ንጉሡ ማቴዎስን እንዲያግባባለት ጠየቀው። ማቴዎስ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ የሌላ ንጉሥ ሙሽራ ናት፣ አትነካም አለ። ስለዚህ አስገደለው። እሷ የምትኖርበትንም ቤት አቃጥሉ አለ። እሳቱ ግን ዞሮ የንጉሡን ቤተ መንግሥት በላ።

አንድ ጊዜ ሽማግሌው ሊያግባባ ሄዶ ከልጅቷ ጎን ቆመ። እኔ የሰማሁት ብቸኛው እንደዚያ ያለ ሽምግልና ይህ ነው። በአንገቱ ነው የከፈለው።

አሮጊቷ ስልኬን ተውሰው ብዙ አወሩኝ። ቺኮ ሬይ ስለሚባለው ሰው፤ በአፈ ታሪኩ ከኮንጎ ተይዞ የመጣ ንጉሥ ነው፤ ነፃነቱን ገዝቶ፣ የማዕድን ጉድጓድ ገዝቶ፣ ሌሎችን ነፃ ያወጣ። ሴቶቹ የወርቅ አቧራ ፀጉራቸው ውስጥ ደብቀው መጥተው በድንጋይ ገንዳ ይታጠቡት ነበር ይላሉ። ከገንዳው ሥር የቀረው ወርቅ የሰው ነፃነት ይገዛል። እንደዚያ ያለ ወርቅ ደስ ይለኛል። የባሮቹንም ጋብቻ ጠየቅኳቸው። በ1707 የወጣው፣ የብራዚሏ የባሂያ ቤተ ክህነት ሕግ ባሪያም ማግባት ይችላል፣ ጌታውም ሊከለክለው አይገባም ይላል። አሮጊቷ ግን እጃቸውን አወናጨፉ። ጌታ ሲፈልግ ያጋባል፣ ሲፈልግ አንዱን ይሸጣል አሉኝ። ባርነት እስከተሻረበት እስከ 1888 ድረስ።

ከሰዓት አንድ የማዕድን ጉድጓድ ገባሁ። ጎንበስ ብሎ ነው የሚኬደው። አሥር ደቂቃ ቆይቼ ወጣሁ፤ ትንፋሽ አጠረኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ አውቶቡሴ ሳይነሳ እንደገና ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ለሙታን የሚጸለይላቸውን ስም የሚቀበሉ መሆኑን ባለቤቷ ነግረውኝ ነበር። ያችው አሮጊት ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። ሃያ ሪያል ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። የእናቴን የክርስትና ስም ጻፍኩ። ቀጥዬ ዡሊያና ብዬ ጻፍኩ።

አሮጊቷ ወረቀቱን አነበቡ። የመጀመሪያው ስም አስቸገራቸው። ሁለተኛው ላይ ጣታቸውን አደረጉና በዓይናቸው ጠየቁኝ። «ዘመድ ናት?» ማለታቸው ነው።

«አዎ» አልኩ።

እሑድ በቅዳሴ ይነበባል አሉኝ። ስሰናበታቸው አንገቴ ላይ ያለውን ሐብል ነካ አድርገው አዩት። «ቦኒቶ» አሉኝ። «የእናቴ ነው» አልኳቸው በአማርኛ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

እሑድ እኔ ሳኦ ፓውሎ አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ ቅዳሴው ጀምሯል። ቄሱ የእናቴን ስም እንዴት ያነበው ይሆን አልኩ። እንዳይሳሳት ብዬ በእነሱ ፊደል፣ ቀለም በቀለም ለያይቼ ነበር የጻፍኩለት፦ ወ-ለ-ተ ማ-ር-ያ-ም።